የአዲስ አበባን ቻርተር ማን ያሻሽለው?

የጉለሌ ነዋሪ፦
አዲስ አበባ የምትተዳደርበት ቻርተር አዋጅ ቁጥር 361/1995 ነው። ያወጣው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው፤ የሚያሻሽለውም እሱ ነው። የከተማው ምክር ቤት 138 ወንበር አለው። ከንቲባ ይመርጣል፣ በጀት ያጸድቃል። ከቻርተሩ ግን አንድ መስመር መቀየር አይችልም። ይሄ ልክ ነው ትላላችሁ? እኔ አይደለም ባይ ነኝ። በ2010 ቻርተሩ ተሻሽሎ የምክር ቤት አባል ያልሆነ ሰው ምክትል ከንቲባ እንዲሆን ተፈቀደ። ከዚያ ታከለ ኡማ፣ ቀጥሎም አዳነች አቤቤ በምክትል ከንቲባነት ከተማዋን መሩ። ስለ ሰዎቹ ብቃት አይደለም የማወራው። ውሳኔው ያለፈው 547 መቀመጫ ባለው ፓርላማ ነው፤ የአዲስ አበባ ድርሻ እዚያ 23 ብቻ ነው።

ጠበቃ ነኝ፦
ወንድሜ፣ የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 49 እስከ መጨረሻው እናንብበው እንጂ። ንዑስ አንቀጽ 2 ራስን የማስተዳደር ሙሉ ሥልጣን ይሰጣል፣ ዝርዝሩን ግን ለሕግ ይተዋል። ንዑስ አንቀጽ 3 አስተዳደሩ ተጠሪነቱ ለፌዴራል መንግሥት ነው ይላል። ንዑስ አንቀጽ 5 የኦሮሚያን ልዩ ጥቅም ያስጠብቃል። ከተማዋ ቻርተሯን ብቻዋን ታሻሽል ካልን፣ ስለ ተጠሪነቱም ሆነ ስለ ልዩ ጥቅሙ ዝርዝር አንዱ ወገን ብቻ ሊወስን ነው። ይህ አያስኬድም።

መርካቶ፦
እኔ ሕግ አልተማርኩም፤ የደረሰብኝን ልንገራችሁ። አባታችን ሲያርፉ የወራሽነት ማስረጃ ያወጣነው ከከተማው ፍርድ ቤት ነው። በኋላ አንድ ዘመድ ቤቱ ላይ ክርክር አነሳ። ያኔ «ይሄ የእኛ ሥልጣን አይደለም፣ ፌዴራል ሂዱ» ተባልን። መዝገብ እንደገና፣ ዳኝነት እንደገና፣ ጠበቃም እንደገና። ቤቱ ያለው እዚሁ ከተማ፣ ሟቹም የዚሁ ከተማ ሰው። ታዲያ ሙሉ ሥልጣን የሚባለው የቱ ነው?

ጠበቃ ነኝ፦
እህቴ፣ በዚህ እስማማለሁ። ቻርተሩ ለከተማው ፍርድ ቤቶች የሰጠው ቆጥሮ ነው፤ የስም ለውጥ፣ የወራሽነት ማስረጃ፣ የቀበሌ ቤት ጉዳይና የመሳሰሉት። የውርስ ሀብት ክርክር ከዝርዝሩ ውጭ ነው። መስፋት አለበት። የሚያሰፋው ግን ፓርላማው ነው።

የድሬ ልጅ፦
እናንተስ ስማችሁ ሕገ መንግሥቱ ላይ ሰፍሯል። ድሬዳዋ በስም እንኳ አልተጠቀሰችም። ኦሮሚያም ሶማሌም ይገባኛል ሲሉ በፌዴራል መንግሥት ሥር ሆነች፤ መተዳደሪያዋ አዋጅ 416/1996 ነው። ለእኛ የፓርላማው እጅ መኖሩ ዋስትና ነው። ነገ አብላጫ ያገኘ ወገን ብቻውን ቻርተሩን ቢለውጥ ሌላው አቤት የሚለው ወዴት ነው? ስለዚህ «ከተማ ሁሉ ራሱ ያሻሽል» የሚለው ሐሳብ አይመቸኝም።

ባሕር ዳር፦
የእኛን ነገር ማንም አያነሳውም። ባሕር ዳር፣ ሐዋሳ፣ አዳማ ሥልጣናቸውን የሚያገኙት ከክልል ምክር ቤት ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 50(4) ለዝቅተኛው የአስተዳደር እርከን በቂ ሥልጣን ይሰጥ ይላል። በቂ የሚባለውን የሚለካው ግን ራሱ ክልሉ ነው።

የጉለሌ ነዋሪ፦
የድሬው ስጋት ገብቶኛል። እንግዲያው እንዲህ ይሁን። ፓርላማው ያጽድቅ፤ ነገር ግን የከተማው ምክር ቤት በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ሳይስማማ ቻርተሩን አይንካው። የፌዴራሉም፣ የኦሮሚያም፣ የነዋሪውም ጥቅም በዚህ ይጠበቃል።

ጠበቃ ነኝ፦
ይሄ ያስኬዳል። አንድ ጥያቄ ግን አለኝ። በ1997 ምርጫ ተቃዋሚው ቅንጅት ከ138ቱ ወንበር 137ቱን አሸነፈ፣ ምክር ቤቱ ግን ሥራ አልጀመረም። በማግስቱ ዓመት በብርሃነ ደሬሳ የሚመራ ጊዜያዊ ባላደራ አስተዳደር ተሾመ። ምርጫ የተደረገው በ2000 ነው። እንዲህ ያለ ጊዜ ቢመጣ ስምምነቱን ማን ይሰጣል?

የጉለሌ ነዋሪ፦
ማንም። ምክር ቤት እስኪመረጥ ቻርተሩ ባለበት ይቆያል። ባላደራ ውሃ ያቅርብ፣ መንገድ ይጠግን፣ ደሞዝ ይክፈል። መተዳደሪያ ሕግ ማስለወጥ ግን የእሱ ሥራ አይደለም።