እህቶቼ እባካችሁ፣ ማሳከኩ በሳሙናው ይሆን?

ሰላም እህቶቼ፣ ትንሽ ያሳፍራል ግን የምጠይቀው ሰው አጣሁ። ሰፈራችን ውሃ በሳምንት 2 ቀን ነው የሚመጣው፣ ሽንት ቤቱም የጋራ ነው፣ እና ፔሬዴ ሲያልቅ የምሸት እየመሰለኝ በጆግ እየቀዳሁ ሽቶ ባለው ሳሙና ብልቴን ውስጡን ጭምር ስታጠብ ከረምኩ። አሁን ያሳክከኛል፣ ፈሳሹም እንደ አይብ ነጭና ወፍራም ሆነ። ነርስ የሆነች ጎረቤቴ ውስጡ ራሱን በራሱ ያጸዳል፣ ፒኤቹ (የአሲድነት መጠኑ) ከ3.8 እስከ 4.5 ነው፣ ሳሙና ያዛባዋል፣ ከውጪ ብቻ በንጹህ ውሃ ታጠቢ አለችኝ። እማዬ ደግሞ ጨው ጨምሪበት ትላለች፣ ኧረ! ፋርማሲ ሄጄ ሻጩ ወንድ ሲሆንብኝ አፍሬ ፓናዶል ገዝቼ ወጣሁ። ሳልመረመር ክሬም ብቀባ ችግር አለው? ጤና ጣቢያስ ሴት ሐኪም ትየኝ ማለት ይቻላል?