ጎንደር ላይ ቤት ለመሸጥም ለመግዛትም አንድን ደላላ ማመን ይቻላል?

የአራዳ ልጅ (ጠያቂ)

እንደምን ሰነበታችሁ። እናታችን ካረፈች ሁለት ዓመት አልፏታል። ያወረሰችን ቤት ከቅዳሜ ገበያ ብዙም ሳይርቅ የሚገኝ፣ በነባር ይዞታ (ከሊዝ ሥርዓት በፊት በተያዘ ቦታ) ላይ የተሠራ የጭቃ ቤት ከነሰርቪሱ ነው። ወራሾቹ አራት ስንሆን ሁለቱ ወንድሞቼ ውጭ አገር ይኖራሉ። ቤቱን ሸጠን ለመካፈል ተስማምተናል፤ እኔም በድርሻዬ ላይ ያጠራቀምሁትን ጨምሬ አዘዞ አካባቢ አነስ ያለች ቤት ለመግዛት አስቤያለሁ። ስለዚህ በአንድ ጊዜ ሻጭም ገዢም ሆኛለሁ ማለት ነው።

ጎረቤቶቼ የጠቆሙኝ ደላላ ሁለቱንም ጉዳይ ይዞልኛል። ለሽያጩ ያቀረበልኝ ሐሳብ፣ «እጃችሁ እንዲገባ የምትፈልጉትን ገንዘብ ብቻ ንገሪኝ፤ ከዚያ በላይ የማገኘው የእኔ ይሁን፤ ኮሚሽን አልጠይቃችሁም» የሚል ነው። ለግዢው ያሳየኝ ቤት ባለቤት ደግሞ አዲስ አበባ የሚኖር ሲሆን፣ ቤቱ የሚሸጠው በወኪል ነው። ሌላ ገዢ ስላለ እስከ ሐሙስ ቀብድ ካልሰጠሁ እንደሚያመልጠኝ ነግሮኛል። በውሉ ላይ ዋጋውን ዝቅ አድርገን ብንጽፍ የቴምብር ቀረጡ እንደሚቀልልኝም መክሮኛል።

ታላቅ ወንድሜ በስልክ «ደላላ ሁሉ ሌባ ነው» እያለ ይቆጣል። እኔ ግን እንደዚያ ማለት ይከብደኛል፤ እናታችን በሕይወት ሳለች ሰርቪሱን ያከራየላት ይኸው ሰው ነው፤ ያመጣቸው ተከራዮችም እስከ ዛሬ ኪራይ ሳያጓድሉ አብረውን ይኖራሉ። አንድ ሰው ለሻጭም ለገዢም እኩል ሊታመን ይችላል? ወይስ ያለ ደላላ መሞከሩ ይሻላል? ያጋጠማችሁን ብትነግሩኝ ውለታችሁን አልረሳም።

ጡረተኛው መምህር

ልጄ፣ ማራኪ የነበረኝን ቤት የዛሬ ስድስት ዓመት የሸጥሁት አንቺ አሁን በተነገረሽ መንገድ ነው። የሚበቃኝን ዋጋ ተናገርሁ፤ ደላላው በሦስት ሳምንት ገዢ አመጣ፤ ያልሁት ገንዘብ ሳይጎድል እጄ ስለገባም መርቄው ተለያየን። ከዓመት በኋላ ለቅሶ ደርሰን ድንኳን ውስጥ ከገዢው ጋር ጎን ለጎን ተቀምጠን ስንጨዋወት፣ እርሱ የከፈለው እኔ ከተቀበልሁት በአንድ አምስተኛ ያህል የሚበልጥ መሆኑን ሰማሁ። ልዩነቱን ለደላላው ለብቻው ቆጥሮ ሰጥቶታል፤ ለእኔ የሚደርስ ቀሪ ክፍያ መስሎት ነበር።

እንግዲህ ሰረቀኝ ልበል? ከተስማማንበት ያጓደለው ነገር የለም። የቆጨኝ ገንዘቡ ብቻ ሳይሆን፣ ያ ሰው ከገዢ ጋር በተከራከረ ቁጥር ለእኔ የሚከራከር እየመሰለኝ ደስ ይለኝ የነበረው ነው። ሻጭ የተጣራ ዋጋ በተናገረበት ቅጽበት ደላላው የሻጩ ሰው መሆኑ ያበቃል። ቤቱን ከሻጭ በርካሽ ወስዶ ለሌላ አስወድዶ እንደሚሸጥ ነጋዴ ይሆናል፤ ያውም ገንዘቡን ያላወጣ፣ ኪሳራም የማያሰጋው ነጋዴ። ልብ ብዬ ቢሆን ኖሮ ምልክቱ ነበረ፦ ውሉን እስከ ፈረምንበት ጠዋት ድረስ ከገዢው ጋር እንዳንገናኝ በየቀኑ አዲስ ምክንያት ይፈጥር ነበር።

የታሪክ መምህር ስለነበርሁ ይህን ሳስብ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይመጣብኛል። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዚህችው በጎንደር መሬት ሲሸጥ፣ የሻጩና የገዢው ስም፣ በወቄት ወርቅ የተነገረው ዋጋና የእማኞቹ ዝርዝር በአብያተ ክርስቲያናት መጻሕፍት ባዶ ገጾችና ኅዳጎች ላይ ይጻፍ ነበር። ዋጋው ከእማኞቹ ስም ጋር በአንድ ገጽ ላይ ሰፍሮ፣ ሻጭ አንድ ቁጥር ገዢ ሌላ ቁጥር ይዘው ወደየቤታቸው መግባታቸው የሚሆን አይመስለኝም። እኛ ከዚያ ወዲህ ወደ ኋላ ሄደናል ማለት ነው።

ከፍርድ ቤት ደጅ

ለጠያቂዋ እኅታችን፣ መምህር በተናገሩት ላይ በሕጉ በኩል ያለውን ልጨምር፤ ሙያዬ ስለሆነ ቢረዝም ይታገሡኝ።

አንድ ደላላ ለሁለት ወገን ሊታመን ይችላል ወይ ላሉት፣ የንግድ ሕጋችን ደላላን የሚያውቀው ራሱን ችሎ የሚሠራ፣ ሁለት ወገኖችን አገናኝቶ እንዲዋዋሉ የሚያደርግና ለዚህም ዋጋ የሚቀበል ሰው አድርጎ ነው። ስለዚህ ወኪልዎ አይደለም፤ ጠበቃዎም አይደለም። ወኪል ለወካዩ ፍጹም ቅን ልቡና እንዲኖረው በፍትሐ ብሔር ሕጉ ይገደዳል፤ ወካዩን ወክሎ ከራሱ ጋር የተዋዋለ እንደሆነም ውሉ በወካዩ ጥያቄ ሊፈርስ ይችላል። ከደላላ ይህን ያህል ታማኝነት የሚጠብቅ ሰው ሕጉ ያልሰጠውን ነገር ይጠብቃል። ብዙ ጊዜ ጠብ የሚነሣው ደላላው ስላጭበረበረ ሳይሆን፣ ደንበኛው ከማገናኘት በላይ የሆነውን ሥራ ሁሉ እርሱ እንደሠራለት አድርጎ ስለሚያምን ነው።

ቀብዱን በሚመለከት፣ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1885 ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱን እንደሚያጣ፣ ተቀባዩ ቢያፈርስ ደግሞ አጠፌታውን፣ ማለትም የተቀበለውን እጥፍ፣ እንደሚመልስ ይደነግጋል። ይህ የሚጠቅምዎ ግን ተቀባዩ በእርግጥ ለመሸጥ ሥልጣን ያለው ሰው ሲሆን ነው። የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ በቁጥር 2205 መሠረት ልዩ ውክልና ያስፈልጋል፤ «ጉዳዬን ሁሉ እንዲፈጽምልኝ» የሚል ጠቅላላ ውክልና አይበቃም። ወካዩ ከሞተ ውክልናው ይቀራል፤ በሕይወት እያለም ሊሽረው ይችላል። ስለዚህ ዋናውን ሰነድ አይተው፣ በሰጠው መሥሪያ ቤት አለመሻሩን አረጋግጠው፣ ባለቤቱንም በስልክም ቢሆን አነጋግረው ካልሆነ በቀር አንድ ብር አይስጡ። ባለቤቱ ባለትዳር ከሆነና ቤቱ የጋራ ከሆነም የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል።

ዋጋውን ዝቅ አድርጎ መጻፍ ግብር መሰወር መሆኑ እንኳ ቢቀር፣ ሒሳቡን ይመልከቱት። የቴምብር ቀረጡ 2 በመቶ ነው። ከእውነተኛው ዋጋ ላይ አንድ ሚሊዮን ብር ቀንሰው ቢጽፉ የሚያተርፉት 20 ሺህ ብር ሲሆን፣ ነገ ውሉ ቢፈርስ ለማስመለስ የሚቸገሩት ግን ያንኑ ያልተጻፈውን አንድ ሚሊዮን ነው። የተጻፈ ውል በፈራሚዎቹ መካከል ሙሉ እምነት የሚጣልበት ማስረጃ ስለሆነ፣ «በእርግጥ የከፈልሁት ይህን ያህል ነው» ብሎ የሰው ምስክር መቁጠር አይቻልም። ደላላው በምክሩ የሚያጣው ነገር የለም፤ ፈራሚው እርስዎ ነዎት።

ሌላም ደላሎች የማያነሡት ነገር አለ። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታ ሊዝ አዋጅ ቁጥር 721፣ በነባር ይዞታ ላይ ያለ ንብረት ከውርስ በስተቀር በሌላ መንገድ ለሦስተኛ ወገን ሲተላለፍ፣ የተላለፈለት ሰው የቦታው ባለይዞታ የሚሆነው በሊዝ ሥሪት፣ ማለትም ለመንግሥት እየከፈለ ለተወሰነ ዘመን በመያዝ፣ ነው ይላል። የእናታችሁ ቤት በውርስ ሲመጣላችሁ ይህ አልነካችሁም፤ ገዢያችሁን ግን ይነካዋል። አስቀድማችሁ ብትነግሩት ይሻላል፤ በመጨረሻው ሰዓት ከሌላ ሰው ሰምቶ የሸሸ ገዢ አውቃለሁ። ከዚያ በፊት ግን የወራሽነት ማስረጃችሁን ከፍርድ ቤት አውጥታችሁ ስሙን አዛውሩ፤ ውጭ ያሉት ወንድሞችዎም ውክልናቸውን በኤምባሲ አስረጋግጠው ይላኩ።

ከጃንተከል ዋርካ ሥር

እኔ ራሴ ደላላ ነኝ፤ ፒያሳ ላይ በዚህ ሥራ አሥራ አንድ ዓመት ቆይቻለሁ። የጠያቂዋ ወንድም የተናገሩትን ቃል በየቀኑ ስለምሰማው አልቀየምም። መምህር የተናገሩት ነገር ግን እውነት ስለሆነ አልክድም። በተጣራ ዋጋ መሸጥ በእኛ ዘንድ የተለመደ ነው፤ ብዙ ጊዜ ሐሳቡን የሚያመጣውም ሻጩ ነው፤ ኮሚሽን የሚባለውን ነገር መክፈል ስለማይወድ «ለእኔ ይህን አምጣልኝ፤ የቀረውን እንደ ፍጥርጥርህ» ይለናል። ከሁለቱም ወገን ሁለት ሁለት በመቶ መቀበል ልማዱ ሆኖ ሳለ፣ ሻጩ ላለመክፈል ብሎ ከዚያ የበለጠ ያጣል።

ሰው የማያየው ደግሞ አለ። አንድ ቤት እስኪሸጥ ድረስ ለሃያ ሰው አሳያለሁ፤ የባጃጅና የስልክ ወጪው ከኪሴ ነው። ገዢና ሻጭ ስልክ ከተለዋወጡ በኋላ «ሐሳባችንን ቀይረናል» ብለውኝ፣ ከወር በኋላ ማዘጋጃ ቤት ስም ሲያዛውሩ ያገኘኋቸው አሉ። መምህር፣ ገዢውን ከእርስዎ የደበቀው ደላላ ትርፉን ለመሸፈን መሆኑን አልክድም፤ ነገር ግን ብዙዎቻችን የምንደብቀው እንዳንዘለል ፈርተን ነው። የኮሚሽኑን መጠን አስቀድሞ በጽሑፍ ያሰፈረልኝ ሰው ካለ፣ በመጀመሪያው ቀን ከገዢው ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠዋለሁ።

ዋጋ የሚንረውም በአንድ ደላላ ምክንያት ብቻ አይደለም። ቤቱን የያዘው አንድ፣ ገዢውን የያዘው ሌላ፣ በመካከል «እኔ የማውቀው ሰው አለ» ብሎ ያገናኘ ሦስተኛ ይኖራል፤ ሁሉም ድርሻ ይጠብቃል። እኅቴ፣ ያነጋገርሽው ሰው አዘዞ ያለውን ቤት ራሱ ይዞት እንደሆነ ወይም ከሌላ ደላላ ሰምቶት እንደሆነ ጠይቂው። ከሌላ የሰማው ከሆነ ስለ ካርታው የሚነግርሽ ሁሉ የሰሚ ሰሚ ነው።

የባንክ ዕዳና የፍርድ ቤት እገዳ መኖር አለመኖሩ የሚታወቀው ማዘጋጃ ቤት ካለው ማኅደር ነው፤ በእኔ አፍ አይደለም። ቦታው በፕላኑ ላይ መንገድ ይመታው ወይም አይመታው እንደሆነም እዚያው ይጠየቃል። የኮሪደር ልማት ከተጀመረ ወዲህ ይህን ሳይጠይቅ የሚገዛ ሰው ሲገጥመኝ እኔው ራሴ እመልሰዋለሁ፤ ኋላ የሚረገመው የእኔ ስም ነውና።

አዘዞ ነዋሪ

በአጭሩ ልጨምር። ቤቱን ደላላው በመረጠው ሰዓት ብቻ አትመልከቺ፤ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ቧንቧው በሚፈስበት ቀን ቤት ማሳየት ቀላል ነው። ብቻሽን በሌላ ቀን ሄደሽ ጎረቤት ጠይቂ፤ ታንከሩ ስንት ቀን እንደሚያቆይ፣ በክረምት ጎርፍ በየት በኩል እንደሚያልፍ ይነግሩሻል። ከሁሉ የሚሻለው የሰፈሩን የዕድር ዳኛ ማነጋገር ነው። ያ ቤት የማን እንደሆነ፣ ወራሽ ተጣልቶበት እንደሆነ፣ ባለቤቱ በእርግጥ መሸጥ ፈልጎ እንደሆነ እርሱ ያውቃል፤ ኮሚሽንም አይጠይቅም።

የአራዳ ልጅ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሐሙስ አልፏል፤ ቀብድም አልሰጠሁም። በምክራችሁ መሠረት የካርታውንና የውክልናውን ቅጂ ጠይቄ ተመለከትሁ፤ ካርታው በባልና ሚስት ስም ሲሆን ውክልናውን የሰጡት ግን ባልየው ብቻ ናቸው። የዕድሩን ዳኛም አነጋገርኋቸው፤ ባልና ሚስቱ ከተለያዩ ቆይተዋል፤ ሴትዮዋ ባሕር ዳር ይኖራሉ፤ ስለ ሽያጩ ግን የሰሙ ለዳኛው አይመስላቸውም።

ይህን ለደላላዬ ስነግረው ደነገጠ። እውነት ለመናገር ድንጋጤው ማስመሰል አልመሰለኝም፤ ከጃንተከል ዋርካ ሥር የጻፉት ወንድማችን እንዳሉት ቤቱን ከሌላ ደላላ ነው የሰማው፤ ካርታውን ከፍቶ አይቶት አያውቅም። የቤታችንን ሽያጭ እንዲቀጥል ግን አድርጌያለሁ። የተጣራ ዋጋ የሚለውን ትተን ሁለት በመቶ እንደምንከፍለው ጽፈን ተፈራረምን፤ ገዢ ሲመጣም ከእኔ ጋር ፊት ለፊት ሊያገናኝ ተስማማ። መጀመሪያ ፊቱን አጨፍግጎ ነበር፤ ኋላ ግን ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተው። ታላቅ ወንድሜ ውክልናውን ለመላክ ኤምባሲ ቀጠሮ ይዟል፤ ቁጣው ግን አልበረደም።

አዘዞ ያለው ቤት አሁንም አልተሸጠም። እስከ ሐሙስ ይጠብቅ የነበረውን ሌላውን ገዢ ምን ሆነ ብዬ ደላላዬን ብጠይቀው፣ ሳቅ ብሎ ስለ ሌላ ቤት ያወራኝ ጀመር።