እናቴ አስተርጓሚ ተከለከለች፤ የዲሲ የፀረ መድልዎ ሕግ ይህን ይመለከታል?

ጠያቂ፦ የእማማ ልጅ

ሰላም ለዚህ መድረክ ተሳታፊዎች። ዋሽንግተን ዲሲ መኖር ከጀመርሁ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖኛል። እናቴ ግን ከመጣች ገና አራተኛ ዓመቷ ሲሆን እንግሊዝኛዋ ከሰላምታ አያልፍም። ባለፈው የካቲት የምግብና የሕክምና ድጋፏን ለማሳደስ ወደ አንድ የከተማው መሥሪያ ቤት ብትሄድ፣ መስኮት ላይ የነበረችው ሠራተኛ በጥቂት ቃልና በምልክት «እንግሊዝኛ የሚችል ሰው ይዘሽ ነይ» ብላ መለሰቻት። እኔ በማግሥቱ ከሥራ መቅረት ስላልቻልሁ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጄ ከትምህርት ቤት ቀርታ አያቷን አጅባ ሄደች። «የቤተሰብ ገቢ» ሲባል የማን የማን ገቢ እንደሚቆጠር አንዲት ሕፃን ከየት ታውቃለች? ቅጹ በስሕተት ተሞላ፤ ድጋፉም ለሁለት ወር ተቋረጠ። በእነዚያ ሁለት ወራት እናቴ የደም ግፊት መድኃኒቷን ለሁለት እየከፈለች ትውጥ እንደነበር ያወቅሁት ካለፈ በኋላ ነው።

ከተማው ስለ ዘር እኩልነት የወጡ ሕጎችና ለዚሁ ሥራ የተቋቋሙ ጽሕፈት ቤቶች እንዳሉት አነባለሁ። ጥያቄዬ እንዲህ ያለው በደል በእነዚህ ሕጎች ዘንድ መድልዎ ተብሎ ይቆጠራል ወይ የሚል ነው። አስተርጓሚ ማቅረብ የመሥሪያ ቤቱ ግዴታ ነው ወይስ ሠራተኛዋ ደግ ከሆነች የምታደርገው ውለታ? አቤት ብንልስ እናቴን የሚጎዳት ነገር ይኖራል? እርሷ «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ብላ ጉዳዩን ዘግታዋለች፤ እኔ ግን ልጄ «ጥፋቱ የኔ ነው» እያለች ስታለቅስ ካየሁ ወዲህ መዝጋት አልቻልሁም።

መልስ፦ አስተርጓሚው

ውድ ጠያቂ፣ በመጀመሪያ ለልጅዎ ጥፋቱ የእርሷ እንዳልሆነ ይንገሩልኝ። በማኅበረሰብ አስተርጓሚነት ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ፤ ለአያቶቻቸው የሐኪምና የመንግሥት ወረቀት ሲተረጉሙ የሚንቀጠቀጡ ልጆችን በየጊዜው አይቻለሁ።

ለጥያቄዎ መልሱ «ግዴታ ነው» የሚል ነው። ዲሲ በ2004 (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ ናቸው) የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አውጥታለች። በዚህ ሕግ መሠረት የከተማው መሥሪያ ቤቶች፣ እንዲሁም የከተማውን ሥራ በኮንትራት ወይም በድጎማ የሚሠሩ ድርጅቶች፣ እንግሊዝኛ በደንብ ለማይችል ባለጉዳይ በቃል የሚያስተረጉም ሰው በስልክም ሆነ በአካል የማቅረብ ኃላፊነት አለባቸው። ባለጉዳዩ አንድ ሳንቲም አይከፍልም። ዋና ዋና ሰነዶችን በጽሑፍ የመተርጎም ግዴታ የሚመጣው ደግሞ የቋንቋው ተናጋሪዎች መሥሪያ ቤቱ ከሚያገለግለው ወይም ሊያገለግለው ከሚችለው ሕዝብ 3 በመቶ ወይም 500 ሰው ሲሞሉ ነው፤ ከሁለቱ የሚያንሰው ቁጥር ይወሰዳል። ከስፓኒሽ፣ ከቻይንኛ፣ ከቬትናምኛ፣ ከኮሪያኛና ከፈረንሳይኛ ጋር አማርኛ ከተማው ሰነድ ከሚተረጉምባቸው ቋንቋዎች አንዱ የሆነው በዚህ መንገድ ነው። ማንም አዝኖልን የሰጠን ነገር አይደለም፤ በቁጥር ተሰልቶ የተገኘ መብት ነው።

ይህ ጉዳይ በመድልዎ ውስጥ የሚመደብበት ምክንያትም አለ። የ1977ቱ የዲሲ የሰብዓዊ መብቶች ሕግ ዘርን፣ የቆዳ ቀለምንና የትውልድ አገርን ጨምሮ በብዙ ምክንያቶች ሰውን መለየትን በሥራ፣ በመኖሪያ ቤት፣ በትምህርትና ለሕዝብ በሚሰጥ አገልግሎት ሁሉ ይከለክላል። ጠንካራ የሚያደርገው አንድ ድንጋጌ ስላለው ነው፦ አድራጊው ክፉ አሳብ ባይኖረውም እንኳ አሠራሩ በውጤቱ አንዱን ወገን የሚጎዳ ከሆነ ያ አሠራር እንደ መድልዎ ሊቆጠር ይችላል። መስኮት ላይ የነበረችው ሴት እናትዎን ጠልታ ላይሆን ይችላል። ነገር ግን «እንግሊዝኛ የሚችል ይዘሽ ነይ» የሚለው አሠራር ሁልጊዜ የሚጥለው ያንኑ ወገን ነው።

አቤቱታው የሚቀርበው ለከተማው የሰብዓዊ መብቶች ጽሕፈት ቤት ነው። በሰብዓዊ መብቶች ሕግ ለሚቀርብ አቤቱታ ጊዜው ድርጊቱ ከተፈጸመበት ቀን ጀምሮ አንድ ዓመት ስለሆነ የካቲትን ይቁጠሩና አይዘግዩ። በዚህ ሕግ የሚታይ ጉዳይ ከሆነ ሙሉ ምርመራ ከመደረጉ በፊት ሁለቱ ወገኖች በሽምግልና እንዲነጋገሩ ይደረጋል፤ ካልተስማሙ ይመረመራል፤ በቂ ምክንያት ከተገኘም ወደ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ሊደርስ ይችላል። የቋንቋ አቤቱታ ግን ለየት ይላል፤ ዓላማው በዋናነት መሥሪያ ቤቱ አሠራሩን እንዲያርም ማድረግ ስለሆነ ትልቅ ካሳ ጠብቀው እንዳይገቡበት። አቤት ያለን ሰው መበቀል ራሱን የቻለ የሕግ ጥሰት ነው፤ ጥበቃውም በዜግነት ላይ የተመሠረተ አይደለም። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የመስኮቱን ቁጥርና የተባለውን ቃል ዛሬውኑ ይጻፉ፤ ድጋፉ የተቋረጠበትን ደብዳቤም ያያይዙ። ያለ ቀን የሚቀርብ እሮሮ ሲንከባለል ኖሮ ሲጠፋ ደጋግሜ አይቻለሁ።

መልስ፦ የታሪክ ተማሪ

እናትዎ የጠቀሱት ተረት ከዚችው ከተማ ታሪክ አንድ ነገር አስታወሰኝ፤ ቢነግሯቸው ደስ ይለኛል።

ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በኋላ፣ በ1872 እና በ1873፣ ዲሲ በምግብ ቤቶች ውስጥ ሰውን በቀለሙ ለይቶ አለማስተናገድን የሚከለክሉ ሕጎች አውጥታ ነበር። ከጊዜ በኋላ ሕጎቹ ሲጠናቀሩ እነዚህ ከመድበሉ ወጡ፤ ማንም ግን አልሻራቸውም። ከተማዋም ሕጎቹ እንደሌሉ ሆና ሰውን በቀለም እየለየች 80 ዓመት ያህል ኖረች። ሜሪ ቸርች ቴሬል የሚባሉ፣ ከባርነት ከወጡ ወላጆች የተወለዱ መምህርት፣ በጥር 1950 በ86 ዓመታቸው ከጥቂት ባልደረቦቻቸው ጋር 14ኛው ጎዳና ላይ ወደሚገኘው የቶምሰን ምግብ ቤት ገቡ። አናስተናግድም ተባሉ። የፈለጉትም ይህንኑ ነበር፤ በተረሱት ሕጎች ለመክሰስ አንድ ግልጽ እምቢታ ያስፈልጋቸው ነበርና። ክርክሩ ከፍርድ ቤት ፍርድ ቤት ሲዞር ቆይቶ በሰኔ 1953 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሕጎቹ አሁንም ይሠራሉ ብሎ ወሰነ። የዲሲ ምግብ ቤቶች ለጥቁር ሕዝብ የተከፈቱት አዲስ ሕግ ወጥቶ ሳይሆን አንዲት አረጋዊት ሞቷል የተባለውን ሕግ ስለጠሩት ነው።

ይህን የማነሣው ለሌላም ምክንያት ነው። እኛ ኢትዮጵያውያን የምንጠቀምበት የመብት ሕግ በአብዛኛው የጥቁር አሜሪካውያን ትግል ውጤት ነው። በ1948 ቤት ለጥቁር እንዳይሸጥ የሚያደርጉ ውሎች በፍርድ ቤት ኃይል እንዳይፈጸሙ ሲወሰን፣ ከጉዳዮቹ አንዱ የተነሣው በዚሁ በዲሲ ብራያንት ጎዳና ላይ ከነበሩ ቤቶች ነው። በ2005 ገደማ በ9ኛውና በዩ ጎዳና አካባቢ ያለው ሰፈር «ትንሿ ኢትዮጵያ» ተብሎ እንዲሰየም አንዳንድ ወገኖቻችን ሲጠይቁ ብዙ የአካባቢው ጥቁር ነዋሪዎች ቅር መሰኘታቸውን በቁጣ የሚያስታውሱ አሉ። እኔ ግን ቅሬታቸው ይገባኛል። ያ ጎዳና ከተማው ሌላውን በር ሁሉ ሲዘጋባቸው በራሳቸው እጅ የገነቡት ነው። ስለ ዘር እኩልነት ስንጠይቅ የእነርሱን ጥያቄ ወደ ጎን ትተን የራሳችንን ብቻ ብናነሣ፣ የምንቆምበትን መሬት ራሳችን የሸረሸርነው ይመስለኛል።

መልስ፦ ሰሎሜ ዘሲልቨር ስፕሪንግ

ከላይ የተባለውን አከብራለሁ፤ ነገር ግን ሕጉ አለ ብሎ ለመጽናናት አልቸኩልም።

ዲሲ በ2020 ምክር ቤቷ ባጸደቀው ሕግ መሠረት የዘር እኩልነት ጽሕፈት ቤት አቋቁማለች፤ ምክር ቤቱም ረቂቅ ሕጎች በጥቁሮችና በሌሎች ወገኖች ላይ የሚያስከትሉትን ውጤት የሚገመግም የራሱ ክፍል እንዲኖረው አድርጓል። ግምገማው ግን ምክር እንጂ ትእዛዝ አይደለም፤ «ይህ ረቂቅ ልዩነቱን ያባብሳል» ተብሎ የተጻፈበት ሕግም ሊጸድቅ ይችላል። በ1970 ከከተማዋ ነዋሪ 71 በመቶ ያህሉ ጥቁር ነበር፤ በ2020 ወደ 41 በመቶ ወርዷል። የኪራዩ ዋጋ እየገፋ ያስወጣውን ቤተሰብ የግምገማ ወረቀት አይመልሰውም። ያ የግምገማ ክፍል ይዘጋ እያልሁ ግን አይደለም። ከእርሱ በፊት ጥያቄው በምክር ቤቱ ፊት በጽሑፍ የሚቀርብበት ቦታ እንኳ አልነበረም።

ሌላው፣ ብዙዎቻችን የምንሳሳትበት ነገር የወሰኑ ጉዳይ ነው። የምንሠራው ዲሲ ሆኖ የምንኖረው ሜሪላንድ ወይም ቨርጂኒያ ሊሆን ይችላል፤ የዲሲ ሕግ ደግሞ ድንበሩን አይሻገርም። እኔ የምኖርበት፣ በሜሪላንድ ያለው የሞንትጎመሪ ካውንቲ አስተዳደር በ2019 የራሱን የዘር እኩልነትና የማኅበራዊ ፍትሕ ሕግ አውጥቷል፤ አቤቱታም ለራሱ ለካውንቲው የሰብዓዊ መብቶች ጽሕፈት ቤት ይቀርባል። በደሉ የተፈጸመው የት ነው የሚለውን ሳያጣሩ ማመልከት ጊዜን ያስበላል።

በመጨረሻም የፌዴራሉ ነገር አለ። በ2000 የወጣውና የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች እንግሊዝኛ ለማይችሉ ሰዎች አገልግሎት እንዲያመቻቹ ያዝዝ የነበረው የፕሬዚዳንት ትእዛዝ በመጋቢት 2025 ተሽሯል፤ በዚያው ሰነድ እንግሊዝኛ ይፋዊ ቋንቋ ተብሏል። ይህን ሰምተው «አስተርጓሚ መጠየቅ ቀርቷል» የሚሉ ሰዎች ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ አጋጥመውኛል። አልቀረም! የዲሲ ሕግ የራሱ የከተማዋ ሕግ ስለሆነ በዚያ ትእዛዝ አይሻርም። ሆኖም ኮንግረስ በዲሲ ሕጎች ላይ ሥልጣን ስላለው ነገሩን ነቅቶ መከታተል ያስፈልጋል።

መልስ፦ ከሲያትል

ከእኛ ከተማ ልምድ ትንሽ ልጨምር። ሲያትል በ1964 በቤት ኪራይና ሽያጭ መድልዎ እንዲከለከል ለሕዝብ ድምፅ ቀርቦ ከሁለት እጥፍ በሚበልጥ ድምፅ የወደቀባት ከተማ ናት፤ ምክር ቤቱ ያንኑ ሕግ ያጸደቀው ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ ከተገደሉ ከሁለት ሳምንት ያህል በኋላ፣ በሚያዝያ 1968 ነው። በ2004 ደግሞ በከንቲባ ግሬግ ኒክልስ ዘመን ከተማው የራሱን መሥሪያ ቤቶች የሚፈትሽበት የዘርና የማኅበራዊ ፍትሕ መርሐ ግብር ጀመረ። ይህ አካሄድ አቤቱታ እስኪመጣ አይጠብቅም። አንድ መሥሪያ ቤት በጀት ሲያወጣ ወይም አሠራር ሲለውጥ ከውሳኔው በፊት ማን ይጠቀማል፣ ሸክሙ ማን ላይ ይወድቃል፣ የሚነካውስ ሕዝብ ተጠይቋል ወይ ብሎ በጽሑፍ እንዲመልስ የሚያደርግ የመጠይቅ ሰነድ አለው። የጠያቂያችን እናት ያጋጠማቸው ነገር በዚህ መንገድ ቢታይ መነሣት የነበረበት ጥያቄ «ሠራተኛዋ ለምን እንዲህ አለች?» የሚል ሳይሆን «በዚያ መስኮት ላይ የአስተርጓሚ የስልክ መስመር ለምን አልነበረም?» የሚል ነው። ሰነዱን ለይስሙላ የሚሞሉ ኃላፊዎች አሉ፤ ይህን አልክድም።

አንድ ከባድ ነገር ደግሞ ልንገራችሁ። ሲያትል በየካቲት 2023 በዘር ሐረግ ተዋረድ ላይ የተመሠረተ መድልዎን በመከልከል ከአሜሪካ ከተሞች የመጀመሪያዋ ሆነች። ሕጉ በተለይ የተነሣው በደቡብ እስያውያን ጥያቄ ቢሆንም ትርጉሙ ለአንድ አገር ሰዎች ብቻ የተወሰነ አይደለም፤ በትውልድ የሚወረስን፣ ከወገን ውጭ ጋብቻን የሚከለክልንና በልማድ የጸናን የሰው ለሰው ተዋረድ ሁሉ ይመለከታል። ሳነበው አገር ቤት «ቀጥቃጭ»፣ «ሸክላ ሠሪ»፣ «ቡዳ» እየተባሉ ከማዕድና ከጋብቻ የሚገለሉ ወገኖቻችን ትዝ አሉኝና አፈርሁ። ያንን ልማድ ይዘን ውቅያኖስ የተሻገርን አለን። ከተማው እንዳይለየን ስንጠይቅ፣ በመካከላችን የምናደርገውንም በዚያው ሚዛን ማየት ይገባናል።

ምላሽ፦ የእማማ ልጅ

ሁላችሁንም ከልቤ አመሰግናለሁ። ትናንት ማታ የሜሪ ቸርች ቴሬልን ታሪክ ለእናቴ አነበብሁላት። «ሰማንያ ስድስት ዓመት?» ብላ ሁለት ጊዜ ጠየቀችኝ፤ ከዚያም ዝም አለች። ዛሬ ጠዋት ራሷ ጠርታኝ ቀኑን ነገረችኝ። ለካ የዚያን ዕለት የተሳፈረችበትን የአውቶቡስ ቁጥር ሳይቀር ታስታውሳለች። እርሷ በአማርኛ ተናገረች፣ እኔ ጻፍሁ። ልጄ ደግሞ የተቋረጠበትን ደብዳቤ ፈልጋ አመጣችልን፤ እንድትተረጉም ግን አልጠየቅናትም።

እናቴ ለመፈረም አንድ ነገር ለመነች፦ መስኮት ላይ የነበረችው ልጅ ከሥራዋ እንዳትባረር በደብዳቤው ውስጥ እንዲጻፍላት። አቤቱታው በመሥሪያ ቤቱ አሠራር ላይ እንጂ በሠራተኛዋ ላይ እንዳልሆነ ካስረዳኋት በኋላም አልተወችውም። በመጨረሻው አንቀጽ ላይ አስገብቼዋለሁ፤ ሰኞ ይገባል።