የቪጎ የፊት ሾክ፦ ሞላውን ሳልነካ መቀየር ይቻላል?

ደብል_ጋቢና፦

ሰላም ወገኖች። በፈረንጅ 2008 የተሠራች ቪጎ ነው የያዝኩት፣ ደብል ጋቢና፣ ፎር ባይ ፎር። ሥራዬ ደሴና ኮምቦልቻ መሃል ዕቃ ማመላለስ ነው። ሰሞኑን የሐረጎን ቁልቁለት ስወርድ ፍሬን በያዝኩ ቁጥር አፍንጫዋ ድፍት ትላለች። ኩርባ ላይ ትጋደማለች፣ ጉድጓድ ከመታች ደግሞ አንዴ ዘላ አትቆምም፣ ደጋግማ ነው የምትዘለው። ከሥር ገብቼ ሳይ የግራው ሾክ ከወገቡ በታች በዘይት ርሷል፣ አቧራው እላዩ ላይ ተጋግሮ ጭቃ ሆኗል። የቀኙ ደረቅ ነው። የፊት ጎማዎቹን ጥርስ በእጄ ስዳብስ ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ ይላል።

ጋራዥ ብጠይቅ አንዱ የግራውን ብቻ ቀይር አለኝ። ሌላው ሾኩን ቀድጄ ዘይት ልሙላልህ አለ። ሦስተኛው ደግሞ በሞላው መሃል ጎማ እናስገባበትና ከፍ ትላለች ይላል። የቱን ልስማ? መፍቻ መያዝ አያቅተኝም፣ የፍሬን ሸራ ራሴ ነው የምቀይረው። ጎማውን አውልቄ ሳይ የሾኩ አናት ላይ መሃል አንድ ዳዶ አለ፣ ዙሪያውን ሦስት። የመሃሉን ብፈታው ሾኩ ብቻውን ወደ ታች አይወጣልኝም?

ፋይቭኤል፦

ምን ያስጨንቅሃል ወንድሜ፣ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው። የኔ 5ኤል ሂሉክስ ላይ ከላይ ዳዶውን፣ ከታች ብሎኑን ፈታሁ፣ አሮጌውን አውጥቼ አዲሱን ከተትኩ፣ አለቀ። ለጋራዥ ብር አታውጣ።

ባለመፍቻው፦

ቆይ፣ ቆይ! ደብል ጋቢና፣ ያቺን የመሃል ዳዶ መኪናው ላይ እያለች እንዳትነካት።

ፋይቭኤል ያለው ለራሱ መኪና ልክ ነው። የሱ መኪና ፊቱን የሚሸከመው ቶርሽን ባር የሚሉት እየተጠመዘዘ የሚሠራ ዘንግ ነው፣ ሾኩ ጎን ላይ ለብቻው ቆሞ ዝላዩን ማብረድ ብቻ ነው ሥራው። ዶልፊንም እንደዛው ነው። ቪጎ ላይ ግን ሞላው ሾኩን ዙሪያውን ለብሶታል፣ የፊቱን ክብደት የሚሸከመውም እሱ ነው። ሞላውን ጨምቆ የያዘው ያ የመሃል ዳዶ ነው። መኪናውን በክሪክ አንስተህ ጎማው ቢንጠለጠል እንኳ ሞላው ጨርሶ አይላላም። ዳዶው ክሩን የለቀቀ ዕለት ሞላው ተወርውሮ ያገኘውን ይመታል። እጅ ይሰብራል፣ ሰውም ይገድላል። በሽቦና በገመድ አስረው የሚፈቱ አሉ፣ እባክህ እዛ አጠገብ እንኳ አትቁም።

የሚፈታው ከነሞላው ነው። ጠፍጣፋ ቦታ ፈልግ፣ የኋላ ጎማዎቹን ታኮ አድርግ፣ በክሪክ ካነሳህ በኋላ ሻሲው ሥር ጠንካራ የብረት ድጋፍ አቁም። በክሪክ ብቻ ተማምነህ እንዳትገባ። ጎማው ከወጣ በኋላ የስታብላይዘሩን (ኩርባ ላይ እንዳትጋደም የሚይዛትን ዘንግ) ማያያዣ በሁለቱም በኩል ፍታ፣ አንዱን ብቻ ከፈታህ ያኛው ወገን ይጎትትሃል። ከዛ የላይኛውን ቦልጆይንት፣ ማለት ጎማው የሚታሰርበትን እግር ከላይኛው አርም ጋር የሚያገናኘውን፣ አላቅ። ይሄኔ እግሩ ወደ ውጭ መውደቅ ይፈልጋል። የፍሬን ቱቦውና የኤቢኤስ ሽቦው እንዳይወጠሩ ከላይ በገመድ እሰረው። ፎር ባይ ፎር ስለሆነች ደግሞ የፊት ጎማውን የሚያዞረው ዘንግ (አክስ) አለ፣ እግሩ ወደ ውጭ ከተለጠጠ የውስጠኛው መጋጠሚያ ሊላቀቅ ይችላል። ከዚህ በኋላ የታችኛውን ረጅም ብሎን፣ መጨረሻ ላይ የላይኞቹን ሦስት ዳዶዎች። የታችኛውን አርም ወደ ታች ስትጫነው ሾኩ ከነሞላው ይወጣል፣ ከባድ ነውና የሚቀበልህ ሰው ይኑር።

አንዱን ብቻ ቀይር ያለህን አትስማው። የቀኙ ደረቅ መሆኑ ደህና ነው ማለት አይደለም፣ ዕድሜያቸው አንድ ነው። አንዱ አዲስ ሌላው የደከመ ሆኖ ሐረጎ ላይ በድንገት ፍሬን ብትይዝ ግራና ቀኙ እኩል አይመልስልህም። ዘይት ልሙላልህ ያለህን ደግሞ ተወው። የቪጎ ሾክ ውስጥ ከዘይቱ ሌላ የታመቀ ጋዝ አለ፣ ዘይቱን የሚያግደው ጎሚኒና ቫልቩም አልቋል፣ ተቀድዶ የተበየደ ሾክ ብዙም ሳይቆይ መልሶ ያለቅሳል። በሞላው መሃል የሚገባው ጎማ መኪናዋን ከፍ ያደርጋታል እንጂ ዝላዩን አያበርደውም። እንዲያውም ሞላው በነፃነት እንዳይሠራ ይይዘዋል።

ቨርጂኒያ_ነኝ፦

ባለመፍቻው ያለው ሁሉ እውነት ነው። እኔ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ሆኜ የ2007 ቶዮታ ታኮማዬን ሾክ ራሴ ነው የቀየርኩት፣ ፊቷ አሠራሩ ከቪጎ ጋር ይቀራረባል። (ግን ለታኮማ የመጣ ሾክ ለቪጎ ይሆናል ብለህ እንዳትገዛ።) እዚህ የመለዋወጫ ሱቆች የሞላ መጭመቂያ በመያዣ ገንዘብ ያውሱሃል፣ ስትመልስ ገንዘብህን ትቀበላለህ። ሞላው፣ ሾኩና የላይኛው መቀመጫው ተገጣጥሞ የሚሸጥም አለ፣ እሱ ከሆነ መጭመቂያ አያስፈልግም። ዋጋው ግን ይወደዳል።

ሰው የሚረሳትን አንድ ነገር ልንገርህ። የላይኞቹ ሦስት ብሎኖችና የታችኛው ቀዳዳ አቅጣጫ አላቸው። ሞላው ከመጨመቁ በፊት ከላይ እስከ ታች አንድ መስመር በቀለም ወይም በጠመኔ አስምርበት፣ ከዛ በአዲሱም ላይ እንደዛው አሰልፍ። ትንሽ ከዞረ ላዩ ሲገባ ታቹ እምቢ ይላል፣ መልሰህ ሞላ ስትጨምቅ ትውላለህ። የሞላው የታችኛው ጫፍም በሾኩ ሳህን ላይ ካለችው እርከን ጋር ተደግፎ መቀመጥ አለበት። ግራና ቀኙን ሞላ ምልክት አድርግባቸው፣ እንዳይቀያየሩ።

ፒክአፕ_ሐዋሳ፦

ወንድሜ ማውጣቱንና መግጠሙን አንተ ሥራ፣ ሞላውን ግን አትታገለው። ከነሞላው ተሸክመህ ግድግዳ ላይ የታሰረ ደህና መጭመቂያ ያለው ጋራዥ ውሰድ። እነሱ ሾኩን ብቻ ቀይረው ይሰጡሃል፣ የእጅ ዋጋውም ከሙሉ ሥራ በጣም ያንሳል። እኔ ሁሌ እንደዛ ነው የማደርገው።

ዕቃውን ሶማሌ ተራ የምታስገዛ ከሆነ የሻሲ ቁጥሩን ላክላቸው፣ የፎር ባይ ፎርና የቱ ባይ ፎር ሾክ ይለያያል። ካያባ (የጃፓን የሾክ ማርክ) የሚል ካርቶን ሁሉ ካያባ አይደለም፣ ፎርጅድ ሞልቷል። ዘንጉን በእጅህ ተጫነው፣ ከላይ እስከ ታች እኩል እየተቃወመ መውረድ አለበት። ጋዝ ያለው ከሆነ ስትለቀው ቀስ ብሎ ራሱ ይወጣል። መሃል ላይ ባዶ ቦታ እንዳገኘ ሸርተት ካለ ግን መልስላቸው። እሱም አንዳንዴ ካርቶኑ ውስጥ ተኝቶ ከቆየ ያደርጋል፣ አቁመህ ደጋግመህ ሳበውና ጫነው፣ ያኔም ካልተስተካከለ ነው የምትመልሰው። አቧራ መከላከያውና የውስጠኛው ማረፊያ ጎማ ተሰነጣጥቆ ከሆነም አብረህ ቀይር። ሳንቲም ለማዳን ብለህ አሮጌውን አትመልስ።

ደብል_ጋቢና፦

እግዜር ይስጣችሁ። መሃሉን ዳዶ ነገ ልፈታው ነበር እኮ! ሁለቱንም እቀይራለሁ፣ ሞላውን ለጋራዥ እሰጣለሁ። ጋሼ ባለመፍቻው፣ አንድ ሁለት ነገር ልጠይቅዎት። የታችኛው ብሎን ዝጓል፣ ትናንት ስሞክረው ዳዶው ወጣ፣ ብሎኑ ግን ንቅንቅ አላለም። ከጨረስኩ በኋላስ አላይመንት የግድ ነው?

ባለመፍቻው፦

ጋሼ አልከኝ? ይሁን፣ ሽበቱ አለ።

ብሎኑ የያዘው በሾኩ የታችኛው ቀዳዳ ጎሚኒ ውስጥ ካለው የብረት ቱቦ ጋር ተጣብቆ ነው። ዛሬ ማታ በብረት ብሩሽ ጥረገውና ደብሊው ዲ ፎርቲ ንፋበት፣ ጠዋት ድገመው። ከዛ ዳዶውን በጥቂት ክር መልሰህ ግጠምና እላዩ ላይ ምታ፣ የብሎኑ ጫፍ እንዳይፈለጥ። በመፍቻ ጭንቅላቱን ወዲያና ወዲህ ስታንቀሳቅሰው ይላቀቃል። በጭራሽ እምቢ ካለ አሮጌውን ሾክ ስለምትጥለው በድስክ ይቆረጣል፣ ግን አዲስ ብሎን አስቀድመህ ይዘህ። እሳት አታስጠጋበት፣ ዘይትና ጋዝ የያዘ ዕቃ ነው። ስትመልስ ብሎኑን ግራሶ ቀባ አድርገው፣ ክሩን ግን ተወው።

የታችኛውን ብሎን ጎማው ተንጠልጥሎ እያለ አጥብቀህ አትጨርስ። በእጅ አስገባ፣ ጎማውን ግጠም፣ መኪናዋን መሬት አውርደህ ፊቷን ጫን ጫን አድርጋት፣ ከዛ አጥብቅ። ተንጠልጥላ ከጠበቀ ጎሚኒው ሁልጊዜ ተጠምዝዞ ይኖራል፣ ቶሎ ይቀደዳል።

አላይመንት ያስፈልጋል። ሾክና ሞላ ተነክቶ የፊቱ ከፍታ ትንሽ ሲለወጥ የጎማው አቋቋምም ይለወጣል። ግን በማግሥቱ አትሂድ፣ ጥቂት ቀን ንዳትና ሞላው ቦታውን ይያዝ፣ ዳዶዎቹንም አንዴ ደግመህ አጥብቅ። የተበሉት ጎማዎች ግን በአላይመንት አይድኑም፣ ፊት ከቆዩ ድምፁ ይቀጥልና ሾኩን ትጠረጥራለህ። ወደ ኋላ አዙራቸው።