ክርክር፦ የአንጎላችን ንድፍ ሰውን ለመመዘን ይዋል?

አወያይ፦ ሰላም ቤተሰብ። የአንጎል ክፍሎች እርስ በርስ የሚገናኙበት ንድፍ ከሰው ሰው ይለያያል። እ.ኤ.አ. በ2015 ኔቸር ኒውሮሳይንስ በተባለ የሳይንስ መጽሔት ላይ በወጣ ጥናት 126 ሰዎች የአንጎልን ምስል በሚያነሳ ማሽን፣ በኤምአርአይ፣ ተነሱ። በሁለት የተለያዩ ቀናት፣ ምንም ሳይሠሩ ተኝተው የተነሱት ተመሳክሮ ከ90 በመቶ በላይ የምስሉ ባለቤት ታወቀ። እንደ ጣት አሻራ ማለት ነው። ታዲያ ይህ ንድፍ ተማሪ ለመመደብ፣ ሠራተኛ ለመቅጠር፣ ተጠርጣሪ ለመመርመር ይዋል? በአክብሮት እንከራከር።

መምህሩ፦ እኔ ይዋል ባይ ነኝ። 19 ዓመት አስተምሬያለሁ። ማንበብ ያቃተውን ሁሉ «ሰነፍ» እያልን ስንቱን ልጅ አባረርን! አንዱ እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም። ሂሳብ በቃሉ ያወጣል፤ መጽሐፍ ሲሰጠው ላብ ያጠምቀዋል። ተሰደበ፣ ተኮረኮመ፣ ስድስተኛ ክፍል ላይ አቋረጠ። ከኮረኮሙት አንዱ እኔ ነኝ። «የዚህ ልጅ አንጎል የሚሠራው በሌላ መንገድ ነው» የሚል ማስረጃ በእጄ ቢኖር ኖሮ እጄን አላነሳበትም ነበር።

ኤምአርአይ ክፍል የምሠራዋ፦ ጋሼ መምህር፣ እውነቱን ስለነገሩን እግዜር ይስጥልን። ማሽኑ ግን እርስዎ የፈለጉትን አይነግርዎትም። በዚህ ምርመራ የሚታየው የአንጎል ሽቦ አይደለም። ደም ውስጥ ያለው ኦክስጅን ከፍ ዝቅ ሲል ነው የምንለካው። ሁለት ቦታዎች አብረው ከፍ፣ አብረው ዝቅ ካሉ «ተገናኝተዋል» እንላለን። ሰውየው ጭንቅላቱን ትንሽ ካነቃነቀ ውጤቱ ይዛባል። ልጅ ደግሞ አርፎ አይተኛም።

የዳታ ሰው፦ ራስል ፖልድራክ የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ ለ18 ወር ያህል የራሱን አንጎል ደጋግሞ ተነሳ። ማክሰኞ ሳይበላና ቡና ሳይጠጣ ይገባል። ሐሙስ በልቶ፣ ቡናውንም ጠጥቶ። የአንድ ሰው አንጎል ሆኖ ሳለ የሁለቱ ቀናት ንድፍ ተለያየ። ይህን ሳነብ የራሳችን ሰው ነው የታሰበኝ። ሁዳዴን እስከ 9 ሰዓት የሚጾም፣ ወይ ረመዳን የያዘ ሰው ለሥራ ቅጥር ቢመረመር ምን ተብሎ ሊጻፍለት ነው?

መምህሩ፦ ቆይ፣ ቡና የሚቀይረው ከሆነ አሻራ የተባለው እንዴት ነው? ይጋጫል እኮ።

የዳታ ሰው፦ አይጋጭም ጋሼ። ድምፅን ያስቡ። ጉንፋን ይዞኝ ብደውልልዎት ድምፄ ተቀይሯል፤ እኔ መሆኔን ግን ይለያሉ። ድምፄን ስለለዩ ግን ሂሳብ መቻል አለመቻሌን አላወቁም። ማንነትን መለየት አንድ ነገር ነው፤ ችሎታን ማወቅ ሌላ። የሚያስፈራኝ ሰዎች ሁለቱን ሲደባልቁ ነው።

የሥነ ልቦና ተማሪ፦ ያው የ2015ቱ ጥናት ከንድፉ ተነስቶ የማመዛዘን ፈተና ውጤትም ገምቷል እኮ። ይህን መዝለል አይገባም።

የዳታ ሰው፦ ልክ ነህ፣ ገምቷል። ግምቱ ግን ልቅም ያለ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2022 ኔቸር በተባለ መጽሔት ላይ የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ የ50,000 ሰው ያህል መረጃ ፈተሸ። ንድፉ ከችሎታና ከባሕርይ ጋር ያለው ዝምድና በጣም ትንሽ ሆኖ ተገኘ። በእርግጠኝነት ለመናገር በሺህ የሚቆጠር ሰው ያስፈልጋል። በዘርፉ የተለመደው ጥናት ግን 25 ሰው ገደማ ነው የሚይዘው! በዚህ ላይ ተመሥርቶ በአንድ ልጅ ላይ መፍረድ ግፍ ነው።

እናት ከአሜሪካ፦ እኔን ያስጨነቀኝ ሌላ ነው። ልጄ እንዲህ ዓይነት ጥናት ውስጥ አለ። ስሙ ከመረጃው ይሰረዛል፣ ፊቱም ከምስሉ ይጠፋል ተባልኩና ፈረምኩ። ንድፉ ራሱ አሻራ ከሆነ ስም መሰረዙ ምን ፈየደ?

የሕግ ሰው፦ እህቴ፣ ጥያቄሽ ትልቅ ነው። ቺሊ እ.ኤ.አ. በ2021 የአንጎል እንቅስቃሴና ከእሱ የሚገኝ መረጃ እንዲጠበቅ ሕገ መንግሥቷን አሻሽላለች። በ2023 ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቷ ኢሞቲቭ የተባለው ኩባንያ የቀድሞውን ሴናተር የጊዶ ጂራርዲን የአንጎል መረጃ እንዲያጠፋ አዘዘ። ሴናተሩ ከኩባንያው የአንጎል ሞገድ የሚያነብ፣ ራስ ላይ የሚደረግ መሣሪያ ነበር የገዛው። ሕንድም እ.ኤ.አ. በ2010 ተጠርጣሪን ያለ ፈቃዱ በአንጎል ምርመራ መመርመር ከልክላለች፤ ሰው በራሱ ላይ እንዲመሰክር አይገደድም ብላ። እኛም በ2016 ዓ.ም. የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ አውጥተናል። የአንጎል ንድፍም እንደ ጣት አሻራ በግልጽ ይጠበቅ ባይ ነኝ። አንዴ ከወጣ አይቀየርማ። የይለፍ ቃል አይደለም።

መምህሩ፦ በፍርድ ቤቱና በቅጥሩ አሳምናችሁኛል። ስለ ልጆቹ ግን ልቤ አላረፈም። ያን ልጅ በምን ልለየው ነበር?

ኤምአርአይ ክፍል የምሠራዋ፦ ጋሼ፣ ለእሱ ማሽን አያስፈልግም። የንባብ ችግር የሚለየው በንባብ ምዘና ነው። ፊደል በስንት ጊዜ ይለያል፣ ድምፅን ከፊደል ያገናኛል ወይ፣ ትርጉም የሌለው ቃል ሲሰጠው ያነባል ወይ። ወረቀትና ሰዓት ይበቃል። አንድ ልጅ ጋር ተቀምጦ መስማት ነው።

መምህሩ፦ በአማርኛ የተዘጋጀ ካለሽ በውስጥ መስመር ላኪልኝ ልጄ። ሰኞ ጠዋት ሦስተኛ ክፍል እገባለሁ። ሁለት ልጆች አሉኝ።