ክርክር፦ ጤና ጣቢያዎቻችን የሽንት ካልቸር (ባክቴሪያውን አብቅሎ መመርመር) ራሳቸው ይሥሩ ወይስ ናሙናውን ይላኩ?

አወያይ፦ ጅማና ዙሪያዋ ባሉ ብዙ ጤና ጣቢያዎች የሽንት ምርመራ ሲባል ዲፕስቲክ (ሽንት ውስጥ ተነክሮ ቀለሙ የሚታይ ስስ ዘንግ) እና ማይክሮስኮፕ ነው። ባክቴሪያው የትኛው እንደሆነ ሳይታወቅ መድኃኒት ይታዘዛል። ካልቸር እዚያው ይጀመር ወይስ ናሙናው ወደ ሆስፒታል ይሂድ? ሐሳብ እንጂ ስድብ አይፈቀድም።

ማይክሮ ሉፕ፦ እዚያው ይጀመር። የ1 ማይክሮ ሊትር ሉፕ (ጫፉ ቀለበት የሆነ መቅጃ)፣ ማኮንኪና ብለድ አጋር የሚባሉ የባክቴሪያ ማብቀያ ምግቦች፣ ሙቀት የሚጠብቅ ኢንኩቤተር ይበቃል። ሉፑን ቀጥ አድርገህ ሽንቱ ውስጥ ትነክራለህ፣ ማብቀያው ያለበት ሳህን (ፕሌት) ላይ ትዘረጋለህ፣ ከ35 እስከ 37 ዲግሪ ላይ ከ18 እስከ 24 ሰዓት ታቆየዋለህ። አንድ ኮሎኒ (በዓይን የሚታይ የባክቴሪያ ክምር) በሚሊ ሊትር 1,000 ባክቴሪያ ነው፤ 100 ኮሎኒ ከቆጠርክ የተለመደው የኢንፌክሽን መለያ 100,000 ሞላ። ሦስት ዓይነት ከበቀለ ናሙናው ተበክሏል፣ ይደገም።

ነጭ ጋዋን፦ ቆይ እንጂ! ማብቀል ሌላ፣ መለየት ሌላ። ማኮንኪ ላይ ሮዝ ኮሎኒ ስላየህ ኢ. ኮላይ ብለህ ልትጽፍ ነው? ክሌብሲየላ የሚባለው ሌላ ባክቴሪያም ሮዝ ነው። ኢ. ኮላይ ኮቫክስ የሚባል መፈተሻ ፈሳሽ ጠብ ሲደረግበት ቀይ ቀለበት ያወጣል፣ ሲትሬት የሚባለው መፈተሻ ምግብ ደግሞ አረንጓዴ እንደሆነ ይቀራል። ክሌብሲየላ ኒሞኒዬ አብዛኛውን ጊዜ ቀለበት የለውም፣ ሲትሬቱ ግን ሰማያዊ ይሆናል። ሲትሬት ላይ ኮሎኒውን በሉፕ ዝቆ የሚጭን ሰው አይጠፋም። ያን ጊዜ ከፕሌቱ አብሮ የመጣው ምግብ ያሳድገዋል፤ ኔጋቲቩ ፖዚቲቭ መስሎ ቁጭ ይላል። በኒድል (ቀለበት በሌለው ቀጥ ያለ ሽቦ) ጫፍ ነካ ማድረግ ብቻ ነው የሚፈለገው። ደግሞ አዲስ ሚዲያ (ማብቀያ ምግብ) በተሠራ ቁጥር ኤቲሲሲ 25922 በሚባለው ማንነቱ በታወቀ ኢ. ኮላይ የሚፈትሸው ማነው? በየጤና ጣቢያው እንዲህ ያለ የመፈተሻ ባክቴሪያ (ኮንትሮል ስትሬይን) ሊቀመጥ ነው?

ሲስተር፦ እናንተ ስለ ቀለም ተከራከሩ፤ እርጉዝ ሴት ምልክት ሳይኖራት ባክቴሪያ ሊኖርባት ይችላል፣ መታከምም አለባት። ዲፕስቲኩ አይበቃም ወይ?

ማይክሮ ሉፕ፦ አይበቃም ሲስተር። ዲፕስቲኩ የሚያሳየው፣ ባክቴሪያ የሚሠራው ናይትራይት የሚወጣው ሽንቱ ፊኛ ውስጥ ወደ 4 ሰዓት ከቆየ ነው፤ እርጉዝ ደግሞ ቶሎ ቶሎ ትሸናለች። ኢንትሮኮከስ የሚባለው ባክቴሪያ ከሆነ ጭራሽ ናይትራይት አይሠራም።

ነጭ ጋዋን፦ በዚህ እስማማለሁ። መላክ ይሻላል የምለውም ለዚሁ ነው።

ሲስተር፦ ከአጋሮ ጅማ በምን ቅዝቃዜ? የክትባት ሳጥን ውስጥ ሽንት እንዳታስገቡብን!

ነጭ ጋዋን፦ የለም፣ ለብቻው ሳጥን ይገዛለታል። ሽንት ከ2 ሰዓት በላይ በክፍል ሙቀት ከቆየ ቁጥሩ ይዋሻል። 4 ዲግሪ ላይ ግን 24 ሰዓት ይቆያል። በረዶ ከሌለ ባክቴሪያው እንዳይራባ የሚይዘው ቦሪክ አሲድ ያለበት ብልቃጥ አለ።

ፋርማሲስት፦ ስለ ብልቃጡ ልጨምር። ለ20 ሚሊ ሊትር ሽንት 0.2 ግራም ቦሪክ አሲድ ማለት 1 ፐርሰንት ነው። በሽተኛዋ 5 ሚሊ ብቻ ከሰጠች 4 ፐርሰንት ሆነ፤ ባክቴሪያውን ያዳክመውና «እድገት የለም» የሚል ውጤት ይመጣል። እስከ መስመሩ ካልሞላ በተራ ብልቃጥ ይሁን።

ማይክሮ ሉፕ፦ እሺ፣ መሃል ላይ እንገናኝ። ዘርቶ መቁጠሩ ጤና ጣቢያው ላይ፣ መለየቱ ሆስፒታል። የበቀለው ፕሌት ብቻ ይላክ። ባዶው ደግሞ በማግስቱ እዚያው መልስ ያገኛል።

ነጭ ጋዋን፦ ፕሮቲየስ የሚባለው ባክቴሪያ ከሆነስ? ብለድ አጋሩን እንደ ማዕበል ሸፍኖት ሌላው አይታይም። ከብለድ አጋር ይልቅ ክሌድ አጋር የሚባለው ማብቀያ ይግባ፣ ያኔ አይዛመትም። መብራት ሲጠፋ ኢንኩቤተሩ እንዴት እንደሚሆን ግን ገና አልመለስክልኝም።