በዋስትና ጊዜ የተበላሸ ሀርድ ዲስክ ለሻጭ ይመለስ ወይስ ከባለቤቱ ጋር ይቅር?

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦ በአንድ አነስተኛ ድርጅት ውስጥ ሒሳብ እሠራለሁ። የላፕቶፔ ዋስትና ሳያልቅ ሀርድ ዲስኩ ሞተ። ኮምፒውተሩ ጭራሽ አያየውም። ሻጮቹ "አሮጌውን አምጪ፣ አዲስ ውሰጂ" አሉኝ። እኔ ግን መስጠት አልፈለግሁም። የሠራተኞች ደመወዝ፣ የግብር ከፋይ ቁጥር፣ የባንክ ሒሳብ ቁጥርና የመታወቂያ ቅጂ አለበት። መረጃውን ላጥፋ ብል ደግሞ ዲስኩ አይነሣም። "ካልመለስሽ አንተካም" ብለው ነገሩን ዘጉት። እንግዲህ ለክርክር የማቀርበው ይህን ነው። እንዲህ ያለ ዲስክ ከባለቤቱ ጋር እንዲቀር መብት ሊኖር ይገባል? እኔ ይገባል ባይ ነኝ።

ኮምፒውተር ሻጩ፦ እህቴ፣ ስጋትሽ ይገባኛል። ግን በእኛም በኩል እዪው። እኔ ዕቃ የምወስደው ከአስመጪ ነው። ምትክ ስጠይቀው "ዲስኩን ከነሴሪያል ቁጥሩ አምጣ" ይለኛል። ባዶ እጄን ከሄድኩ ኪሳራው የኔ ነው። ደህናውን ዲስክ "ተበላሸ" ብሎ አስቀርቶ ሁለተኛ መውሰድ የሚፈልግም አይጠፋም። ባክአፕ ማድረግ፣ ማለት የመረጃውን ቅጂ ሌላ ቦታ ማስቀመጥ፣ ደግሞ የባለቤቱ ኃላፊነት ነው። የዋስትና ወረቀቱም መረጃን አይሸፍንም።

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦ ባክአፕ አለኝ። እኔን ያሳሰበኝ መረጃው ከእጄ መጥፋቱ አይደለም፣ በማላውቀው ሰው እጅ መግባቱ ነው።

ጥገና ባለሙያው፦ ልክ ብላለች። ብዙ ሰው ዲስኩ ሲሞት መረጃውም አብሮ የሞተ ይመስለዋል። አይደለም። የሚበላሸው ብዙ ጊዜ ከሥር ያለው የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ ወይም ሄድ የሚባለው መረጃውን የሚያነበው ክፍል ነው። መረጃው ውስጥ ባሉት ክብ ሳህኖች ላይ እንዳለ ይቀመጣል። ከተመሳሳይ ዲስክ ቦርድ ወስዶ፣ የዲስኩን የራሱን ቅንብር የያዘውን ትንሽ ቺፕ (ሮም) አዛውሮ ማስነሣት የሚችል ሰው አለ። ሳህን በሌለውና መረጃውን በሜሞሪ ቺፕ በሚይዘው ዲስክ፣ በኤስኤስዲ፣ ላይ ሥራው ይከብዳል፣ ግን ሥራውን የሚመራው ቺፕ (ኮንትሮለሩ) ሞቶ የሜሞሪ ቺፖቹ ደህና ሊሆኑ ይችላሉ። የሚመለሰው ዲስክም ሁልጊዜ አይጣልም። አምራቾች ጠግነው እንደ ምትክ ለሌላ ደንበኛ የሚልኩት አለ። እ.ኤ.አ. በ2003 ኤምአይቲ የሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ሁለት ተመራማሪዎች ጥናት አውጥተው ነበር። 158 ያገለገሉ ዲስኮች ገዝተው ሲፈትሹ 129ኙ ሠሩ። በአግባቡ የተጠረጉት 12 ብቻ ነበሩ። ከ5,000 በላይ የክሬዲት ካርድ ቁጥርም አገኙ። ባለቤቶቹ ያኔ ዲስኩን ማጥፋት ይችሉ ነበር። የማይነሣ ዲስክ የያዘው ሰው ያንን ዕድል እንኳ የለውም።

ከሜሪላንድ፦ እዚሁ አሜሪካ የሆነውን ላንሣ። የብሔራዊ ቤተ መዛግብቱ አንድ ዲስክ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2008 ተበላሸ። ወደ 76 ሚሊዮን የሚጠጉ የቀድሞ ወታደሮች መዝገብ ካለበት የመረጃ ቋት ውስጥ የነበረ ነው፣ ሶሻል ሴኩሪቲ ከሚባለው የአሜሪካ መለያ ቁጥራቸው ጋር። መሥሪያ ቤቱ ዲስኩን ሳያጠፋ ለጥገና ወደ ሸጠለት ድርጅት ላከው። ድርጅቱ "አይጠገንም" ብሎ፣ ዲስኩ አሮጌ ዕቃ ሪሳይክል ለሚያደርግ ሌላ ድርጅት ተላለፈ። በዓመቱ ጉዳዩ አደባባይ ወጣ። ማንም ዲስኩን ለመስረቅ አላሰበም። እንደ ተለመደው የዋስትናና የጥገና መንገድ ሄዶ ነው ከእጅ የወጣው።

ኮምፒውተር ሻጩ፦ እሱ የመንግሥት ተቋም ነው። የአንድ ሰው ላፕቶፕ ውስጥ ማን ገብቶ ይፈልጋል? እኛ ጋ ዲስክ ከፍቶ የሚያይ ጊዜ ያለው የለም።

ሁለተኛ ዲግሪ ተማሪዋ፦ ወንድሜ፣ አንተ አታይም ይሆናል። ግን ዲስኩ በአንተ እጅ ብቻ አይቀርም። የሴት ልጅ ፎቶ ከስልክና ከኮምፒውተር ጥገና እየወጣ ማስፈራሪያ ሲሆን ሰምተን እናውቃለን። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለፈቃድ ሰው ኮምፒውተር ውስጥ መግባትን ይቀጣል። ግን ፎቶው ከተበተነ በኋላ ቅጣቱ ለልጅቷ ምን ይመልስላታል? "ማን ይፈልጋል" የሚለው መልስ ያናድደኛል። የሚፈልግ አንድ ሰው ይበቃል።

የሕግ ባለሙያው፦ ሕጉን ላንሣ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። የሠራተኞቹን መረጃ የመጠበቅ ግዴታ ያለበት ያንቺ ድርጅት ነው። ዲስኩን ለሻጭ ስላስረከበ ኃላፊነቱ ከላዩ አይወርድም። ሞርጋን ስታንሊ የተባለው የአሜሪካ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2022 35 ሚሊዮን ዶላር የተቀጣው፣ የደንበኞች መረጃ ያለባቸውን አሮጌ መሣሪያዎች ልምድ ለሌለው አጓጓዥ ስለሰጠ ነው። እስከዚህ ካንቺ ጋር ነኝ። ከዚህ በኋላ እለያለሁ። ግዴታው የድርጅትሽ ነው ማለት የምትኩን ዲስክ ዋጋ ሻጩ ይክሰር ማለት አይደለም። ዴል፣ ኤችፒና ሌኖቮ ዲስክን የማስቀረት አገልግሎት አላቸው፣ ግን በክፍያ ነው። የውል ጉዳይ ነው እንጂ የመብት አይመስለኝም።

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦ ክፍያውን አልጠላም። እኔ የምቃወመው ምርጫው ጭራሽ አለመኖሩን ነው። ስገዛ ማንም አልነገረኝም። ቢነገረኝ ጨምሬ እከፍል ነበር።

ጥገና ባለሙያው፦ እስከዚያው ሁሉም ሰው ማድረግ የሚችለውን ልናገር። ኮምፒውተሩ ገና አዲስ ሳለ ዲስኩን ኢንክሪፕት አድርጉ፣ ማለትም ያለ ቁልፍ እንዳይነበብ መረጃውን በምስጢር ኮድ ቆልፉት። ዊንዶውስ ላይ ቢትሎከር፣ ማክ ላይ ፋይልቮልት አለ። ያኔ ዲስኩ ቢሞትና ቢመለስ፣ ቁልፉ የሌለው ሰው ፋይል አያገኝም። የቢትሎከሩን ባለ 48 አኃዝ ቁልፍ ግን እዚያው ላፕቶፕ ውስጥ አታስቀምጡ። ዲስኩ ከሞተ በኋላ ሁሉም ነገር ይረፍዳል። ብትበሱት ወይም ብትከፍቱት ዋስትናው ይወድቃል። በማግኔት ላጥፋው ብትሉ ደግሞ ኤስኤስዲ ላይ አይሠራም።

ሁለተኛ ዲግሪ ተማሪዋ፦ ጥሩ ምክር ነው። ግን አሮጌ ላፕቶፕ የገዛች፣ ኢንክሪፕት የሚለውን ቃል ሰምታ የማታውቅ እናት አለች። ምክር ለሚያውቅ ነው። ለእሷ መብቱ በሕግ ይጻፍላት።

ኮምፒውተር ሻጩ፦ እሺ፣ አንድ ነገር ላድርግ። ደረሰኝ ላይ "ዲስኩን ማስቀረት የሚፈልግ የዲስኩን ግማሽ ዋጋ ከፍሎ ምትክ ይወስዳል" ብዬ እጽፋለሁ። ለአስመጪዬም የሴሪያሉ ፎቶ ተልኮ፣ ዲስኩ ደንበኛው ፊት ቢበሳ ይቀበል እንደሆነ እጠይቀዋለሁ። ካልተቀበለኝ ግማሹ ኪሳራ የኔ ነው፣ ከዚያ በላይ ግን አልችልም።

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦ ግማሽ ዋጋ ብዙ ነው። ከተሸጠልኝ ጀምሮ ጉድለት የነበረበት ዕቃ ነውና እኔ ለምን ልክፈል? ግን ከ"አንተካም" ይሻላል። የአስመጪውን መልስ እዚሁ ጻፍልን።